እርሾውን አበድሩን፦ የሕያው ዝቃጭ ማኒፌስቶ

እኛ የዝቃጭ ወገን ነን። የከተማው ቧንቧ በሚያልቅበት፣ መንገደኛ አፍንጫውን ይዞ በሚያልፈው አጥር ውስጥ፣ በገንዳ ሥር የሚኖረውን ጥቁርና ቡናማ ጭቃ የሀገር ሀብት ነው ብለን ተነሥተናል። በመካከላችን የማጣሪያ ጣቢያ ኦፕሬተር አለ፤ የላቦራቶሪ ባለሙያ አለ፤ መሐንዲስ አለ፤ ተማሪ አለ፤ በአቃቂ ወንዝ ዳር ጎመንና ቆስጣ የሚያለማ ገበሬም አለ። ሁላችንም ከአንድ ውኃ ጋር ነው የምንውለው።

ቃላችን ይህ ነው። ፍሳሽን የሚያጣራው በገንዳው ውስጥ ያለው ሕያው ነገር ነው። ኮንክሪቱ ያቅፈዋል፣ ፓምፑ ይቀልበዋል፤ ሥራው ግን የእሱ ነው። ይበላል፣ ይባዛል፣ ይመረዛል፣ ይሞታል፤ በደኅና ከተያዘም ከራሱ አልፎ ለሌላ ይተርፋል። ሊጥ የሚቦካበት ቤት ሁሉ ይህን ያውቃል። ምጣዱ ምንም ያህል ቢያምር፣ ጤፉ ማኛ ቢሆን፣ እርሾ ከሌለ እንጀራ የለም። እርሾ ያለቀባት ሴት ጎረቤቷ ዘንድ ኩባያ ይዛ ትሄዳለች፤ ጎረቤቷም አትከለክላትም። ይህ ልማድ በማጣሪያ ጣቢያዎቻችንና በፋብሪካዎቻችን መካከል እንዲተከል እንፈልጋለን። ከዚህ በታች የምንለው ሁሉ ከዚህ የሚመዘዝ ነው።

ለዚህ እምነታችን ምስክር አለን። እ.ኤ.አ. በ1914 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በእንግሊዝ ማንቸስተር፣ ዴቪሁልም በሚባለው የፍሳሽ ጣቢያ፣ ኤድዋርድ አርደርንና ዊልያም ሎኬት የሚባሉ ሁለት ኬሚስቶች ፍሳሽ በጠርሙስ እየሞሉ አየር ይነፉበት ነበር። የመጀመሪያው እስኪጣራ አምስት ሳምንት ያህል ፈጀባቸው። ዓለምን የለወጠው ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነገር ነው። የጠራውን ውኃ ከላይ ቀድተው ሲያፈሱ ከሥር የቀረውን ዝቃጭ አልደፉትም፤ በዚያው ላይ አዲስ ፍሳሽ ጨመሩበት። ደገሙ፤ ደጋገሙ። ዝቃጩ በበዛ ቁጥር ጊዜው እያጠረ ሄደና አምስት ሳምንት የወሰደው ሥራ በአንድ ቀን ውስጥ ማለቅ ጀመረ። አክቲቬትድ ስላጅ የሚባለው ዘዴ ተወለደ፤ ዛሬ አብዛኞቹ የዓለም ትልልቅ ከተሞች የሚኖሩት በእሱ ነው። መነሻው አንድ ውሳኔ ብቻ ነበር፤ የታችኛውን አለመድፋት።

ይህ ዘዴ ግን ብዙ ይበላል። ባክቴሪያዎቹ እንዲተነፍሱ አየር ሌሊትና ቀን ሲነፋ መዋል ማደር አለበት፤ ከአንድ ጣቢያ የኤሌክትሪክ ወጪ ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ የሚሄደው ለአየር ነው። ዝቃጩ ደግሞ የላላ ብናኝ ስለሆነ ቀስ ብሎ ነው የሚዘቅጠው፤ በሰዓት አንድ ሜትር ቢወርድ ነው። ስለዚህ ከአየር ገንዳው ጎን ሌላ ሰፊ ማዝቀጫ ገንዳ ያስፈልጋል። ክር መሳይ ባክቴሪያ ከበዛበት ያብጥና ጭራሽ አልዘቅጥ ይላል፤ ያን ጊዜ ጭቃው ከውኃው ጋር አብሮ ወደ ወንዝ ይሄዳል። ከተወገደው ቆሻሻ እስከ ግማሽ የሚደርሰው ራሱ ተመልሶ አዲስ ዝቃጭ ይሆናል፤ መጓጓዝ፣ መድረቅ፣ መቀበር ይፈልጋል። ኤሌክትሪክ በሚቆራረጥበት፣ መለዋወጫ በውጭ ምንዛሪ በሚገዛበት ሀገር እንዲህ ያለ ጣቢያ ተሠርቶ ሲቆም አይተናል። የቆመበትን ምክንያት የጠየቀ ሁሉ የሚሰማው ስለ ሞተር ነው። ባክቴሪያው በስንት ሰዓት ውስጥ ታፍኖ እንዳለቀ የሚነግረው የለም።

ስለዚህ ሌላ መንገድ አለ እንላለን፤ መንገዱም ከሃምሳ ዓመት ወዲህ የተፈተነ ነው።

በ1970ዎቹ ኔዘርላንድስ ውስጥ፣ በዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ጋትዜ ሌቲንጋ ከአንድ የስኳር ኩባንያ ጋር ሆኖ ከሹገር ቢት እጥበት የሚወጣውን ፍሳሽ ያለ አየር ለማጣራት ሞከረ። ገንዳው እጅግ ቀላል ነው። ፍሳሹ ከሥር ይገባል፣ በዝቃጩ መካከል ሰንጥቆ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከላይ ጋዙ በአንድ በኩል ውኃው በሌላ በኩል ይለያያሉ፣ ዝቃጩ ተመልሶ ይወርዳል። የሚሽከረከር ነገር በውስጡ የለም። ሰዎቹ ከገንዳው ሥር ናሙና ሲቀዱ ያገኙት ግን የለመዱትን ጭቃ አልነበረም። ድቡልቡል፣ ጥቁር፣ አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር የሚሆኑ እንክብሎች ነበሩ። ባክቴሪያዎቹ እርስ በርስ ተያይዘው ኳስ ሠርተዋል። በዚያው ዘመን ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከነበረ አንድ የቆየ አየር አልባ ማጣሪያ በተወሰደ ዝቃጭም እንዲህ ያሉ እንክብሎች ታይተዋል፤ ከዚያ በፊት ግን ማንም ልብ ብሎ የጻፈላቸው አልነበረም። በአህጉራችን ገንዳ ውስጥ ተቀምጠው የሚያያቸው አጥተው ነበር። ይህን የምናነሣው ለቁጭት ሳይሆን ዓይናችን ወዴት መዞር እንዳለበት ስለሚያሳይ ነው።

አንዷን እንክብል ቀረብ ብለን እንያት። በጣት ሲነኳት ትለሰልሳለች፤ ጫን ሲሏት ግን ወዲያው አትፈርስም። በስለት ለሁለት ከፍሎ በማይክሮስኮፕ ያያት ሰው ውስጧ የተደራረበ መሆኑን ያገኛል። ከላይኛው ንብርብር ላይ ስኳርንና ስታርችን እየሰበሩ ወደ አሲድ የሚለውጡ ባክቴሪያዎች አሉ። ከእነሱ ሥር ያንን አሲድ ወደ አሴቴትና ወደ ሃይድሮጅን የሚያፈርሱት አሉ፤ እነዚህ ግን ብቻቸውን መኖር አይችሉም። ሃይድሮጅኑ ጥቂት እንኳ ከተጠራቀመ ሥራቸው ይቆማል። ስለዚህ ሃይድሮጅን የሚበሉት ሜቴን አመንጪዎች እዚያው፣ በሚሊ ሜትር ሺህኛ በሚለካ ርቀት ላይ ተጣብቀው ይኖራሉ፤ አንዱ ያወጣውን ሌላው ወዲያው ይወስደዋል። መሐሏ ላይ ሜታኖትሪክስ የሚባለው ክር መሳይ ተሕዋስ ተጠላልፎ ተቀምጧል፤ አሴቴቱን ወደ ሜቴን የሚለውጠው በዋናነት እሱ ነው። ሁሉንም አያይዞ የያዛቸው ራሳቸው ያመነጩት ዝልግልግ ነገር ነው።

ይህን ማንም በእጁ አልሠራውም። ውኃው ከሥር ወደ ላይ በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሜትር በሚሆን ፍጥነት ይገፋል። ቀላሉና ብቸኛው ታጥቦ ይወጣል፤ ተያይዞ የከበደው ይቀራል። የቀረው ይባዛል። ሰው የሚያደርገው ፍጥነቱን መጠበቅ፣ አሲዱ እንዳይበዛ ማየትና መታገሥ ነው። ትዕግሥቱ ግን ረጅም ነው፤ ሜቴን አመንጪዎች ለመባዛት ቀናት የሚፈልጉ ዝግተኞች ናቸው፤ ከባዶ ለሚነሣ ሰው እንክብል እስኪያፈራ ወራት ይሄዳሉ።

ትርፉም የዚያኑ ያህል ነው። በሲኦዲ፣ ማለትም ቆሻሻውን ለማቃጠል በሚያስፈልገው ኦክስጅን፣ ሲለካ አንድ ኪሎ ግራም ቆሻሻ ያለ አየር ሲፈርስ 0.35 ሜትር ኩብ ያህል ሜቴን ይወጣዋል፤ ቢቃጠል 3.5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሙቀት ነው። አየር መንፋት የለም። አዲስ የሚፈጠረው ዝቃጭ ከተወገደው ቆሻሻ አንድ አሥረኛ ገደማ ወይም ከዚያም ያነሰ ነው። ያም ትርፍ ቢሆን፣ እንክብል ከሆነ፣ አይቀበርም፤ ለሚቀጥለው ገንዳ ዘር ይሆናል። በአውሮፓ እንክብል ዝቃጭ ከፋብሪካ ወደ ፋብሪካ በቦቴ ተጭኖ ይሸጣል፤ ዋጋ ያለው ሸቀጥ ነው።

ሌቲንጋ ዘዴውን በፓተንት አላጠረውም። ድሃ አገሮች ሳይከፍሉበት እንዲጠቀሙበት ስለ ፈለገ ክፍት ተወው። ኮሎምቢያ ካሊ ላይ በ1980ዎቹ በከተማ ፍሳሽ ተሞከረ፤ ሕንድ ካንፑር ላይ ተከተለ፤ ብራዚል በየከተማዋ ሠራችው። እሱ ራሱ በ2007 የታይለርን የአካባቢ ሽልማት፣ በ2009 የሊ ኳን ዩን የውኃ ሽልማት ተቀበለ። ከዚህ ሰው ሥራ ሁለት ነገር እንወርሳለን፤ አንዱ ገንዳው ነው፣ ሌላው ክፍትነቱ።

አሁን ወደ ቤታችን።

የቃሊቲ የፍሳሽ ማጣሪያ ለረጅም ዘመን በቀን 7,600 ሜትር ኩብ እንዲቀበል የተሠሩ ኩሬዎች ነበሩ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ የሚችል አዲስ ጣቢያ ተተክቷል፤ የመጀመሪያው እርከኑ ያው የሌቲንጋ ገንዳ ነው፣ ባለሙያዎቹ ዩኤኤስቢ የሚሉት። ከዚያ ውኃው እየተንጠባጠበ ወደሚወርድበት ማጣሪያ ያልፋል። ምርጫው ትክክል ነው፤ ለምን ትክክል እንደሆነ ግን በሰፊው ሲነገር አልሰማንም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። አየሯ ከባሕር ዳርቻ አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ በውኃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው መጠን ያንሳል። ጠረፍ ላይ ለአንድ ኪሎ ቆሻሻ የሚነፋው አየር እዚህ አይበቃም፤ ተጨማሪ መንፊያ፣ ተጨማሪ ኤሌክትሪክ ይጠይቃል። ኦክስጅን የማይፈልጉት ተሕዋስያን ግን ከፍታው አይገዳቸውም። ከባዱን ቆሻሻ ለእነሱ ሰጥቶ የቀረውን ጥቂት ብቻ በአየር መጨረስ ለደጋ ከተማ የተገባ አሠራር ነው። የሚያስቸግራቸው ብርድ ነው። ከ20 ዲግሪ በታች ሲሆን ይቀዘቅዛሉ፣ ሥራቸው ይዘገያል፤ ስለዚህ በሐምሌና በነሐሴ፣ የዝናቡ ውኃ ቧንቧው ውስጥ ገብቶ ፍሳሹን ሲያቀጥነውና ሲያበርደው፣ በየቀኑ የሚያያቸው ሰው ያስፈልጋል።

አቃቂን ያየ ሁሉ ይህ ለምን እንደሚቸኩል ያውቃል። ትንሹ አቃቂና ትልቁ አቃቂ ከተማዋን ሰንጥቀው አባ ሳሙኤል ላይ ይገናኛሉ። በሀገራችን የውኃ ኃይል ማመንጫ ታሪክ ስሙ ከቀደምቶቹ የሚጠራው ያ ሐይቅ ዛሬ እምቦጭ ለብሷል። እምቦጩን ያበላው ከእኛ ቤት የወጣው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ነው። በዚያው ውኃ የለማው ሰላጣ ተመልሶ ገበያችን ይመጣል። የወንዝ ዳርቻ ልማቱን እንወደዋለን፤ ልጆቻችንን ይዘን እንሄድበታለን። ዳርቻው ያማረው ወንዝ ውኃውም እንዲያምር እንጠይቃለን፤ ይህ የሚሆነው ደግሞ ከመናፈሻው ሳይሆን ከቧንቧው ወገን ተነሥቶ ነው።

ሙሉውን መናገር ግዴታችን ነው፤ አየር አልባው ገንዳ ሁሉን አይሠራም። ናይትሮጅንና ፎስፈረስን እንዳሉ ያሳልፋቸዋል። የወስፋት ዕንቁላልና የበሽታ ጀርም አይጨርስም። ከሚያመነጨው ሜቴን የተወሰነው በውኃው ውስጥ ሟሙቶ ይወጣል፤ ሜቴን ደግሞ በመቶ ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 ጊዜ ገደማ የሚበልጥ የሙቀት አጋች ነው። ካልተጠመደና ካልተቃጠለ ወንዙን አድነን ሰማዩን እንበድላለን። ስለዚህ ጋዙን አየር ላይ የሚለቅ ጣቢያ ከእኛ ወገን አይደለም። ያመረተውን በእሳት ያውለው፤ እሳት ካጣም በችቦ ያቃጥለው።

ለናይትሮጅኑም መንገድ አለ፤ እርሱም ከእንክብል አይወጣም። ኦስትሪያዊው ኬሚስት ኤንግልበርት ብሮዳ በ1977 በስሌት ብቻ፣ አሞኒያን ያለ ኦክስጅን የሚበላ ባክቴሪያ መኖር አለበት ብሎ ጻፈ። በ1990ዎቹ ኔዘርላንድስ ዴልፍት ውስጥ በአንድ የእርሾ ፋብሪካ የፍሳሽ ገንዳ ውስጥ ተገኘ፤ ዛሬ አናሞክስ ይባላል፣ እንክብሎቹም ቀይ ናቸው። በ2002 ሮተርዳም ላይ የመጀመሪያው ሙሉ ገንዳ ተተከለለት። ባክቴሪያው አንድ ጊዜ ለመባዛት አሥራ አንድ ቀን ያህል ስለሚወስድበት ገንዳው ሙሉ አቅሙ ላይ ለመድረስ ሦስት ዓመት ተኩል ፈጀ። ከእሱ በኋላ የተተከሉት ግን ከሮተርዳሙ እየተቀዳ ስለተሰጣቸው እጅግ ባነሰ ጊዜ ተነሡ። ማኒፌስቷችን በአንድ ታሪክ ይጠቃለል ቢባል ይህ ይሆናል። የመጀመሪያው ሦስት ዓመት ተኩል ታገሠ፤ ሌሎቹ ተበደሩ።

እዚያው ዴልፍት ማርክ ፋን ሎስድሬኽትና ባልደረቦቹ በአየር የሚኖረውንም ዝቃጭ እንክብል አድርገውታል። ፍሳሹን መጀመሪያ ያለ አየር ከሥር ያስገባሉ፤ ምግቡን በሆዳቸው የሚያስቀምጡት ዝግተኞች ይጠግባሉ፣ ቸኳዮቹ ይራባሉ፤ ከዚያ አየር ይነፋል፤ ከዚያ ለመዝቀጥ አጭር ጊዜ ብቻ ይሰጣል፤ ያልዘቀጠው ይወጣል። በአንዷ እንክብል ላይ ከውጭ ኦክስጅን ያለበት፣ ከውስጥ የሌለበት ንብርብር ስለሚፈጠር ቆሻሻው፣ ናይትሮጅኑና ፎስፈረሱ በአንድ ገንዳ ውስጥ አብረው ይወገዳሉ። ኬፕ አካባቢ፣ ደቡብ አፍሪካ ጋንስባይ ላይ ተሞክሯል፤ ኤፔ በምትባል የኔዘርላንድስ ከተማ ሙሉ ጣቢያ ሆኖ ይሠራል። ዙትፈን ላይ ደግሞ ከ2019 ጀምሮ እንክብሎቹን ያያያዘው ዝልግልግ ነገር ራሱ ከትርፍ ዝቃጭ እየተነጠለ ለምርት ይውላል። ዘዴው ነሬዳ በሚል የንግድ ስም የሚሸጥ ነው፤ መግዛት የሚችል ይግዛ። እኛ ግን ቀድሞ የተከፈተልንን በር ሳንገባበት ሌላ በር አናንኳኳም።

ከዚህ በኋላ የምንለው ለየሰዉ ነው።

ለከተሞችና ለሚኒስቴሮች፦ ሪባኑ ይቆይ። ኮንክሪቱ ያለቀበት ቀን ጣቢያው የተጀመረበት ቀን ነው። ምረቃው ዝቃጩ የበሰለበት፣ የሚወጣው ውኃ ለሦስት ወር ሳያቋርጥ በመለኪያው ያለፈበት ቀን ይሁን። ከፕሮጀክቱ በጀት ውስጥ ለሕያው ነገሩ ማሳደጊያ የሚሆን የመጀመሪያ ዓመት ገንዘብ ለብቻው ይቀመጥ፤ ሥራ ተቋራጩም ክፍያውን የሚጨርሰው ገንዳውን ባዶ ሳይሆን ሕያው አድርጎ ሲያስረክብ ይሁን።

ለኦፕሬተሩ ክብርና ደመወዝ እንጠይቃለን። ሌሊቱን በዚያ ሽታ ውስጥ የሚያድረው እሱ ነው፤ ገንዳው ሊታመም ሲል ከአረፋው ቀለም የሚያውቀውም እሱ ነው። ጓንት፣ ቦት ጫማ፣ ክትባትና የጋዝ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ይኑረው፤ የሃይድሮጅን ሰልፋይድ ጋዝ በአንድ ትንፋሽ ሰው ይጥላል፤ ያለ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ማንም ማንሆል ውስጥ አይግባ። በየቀኑ የሚያደርገው ምርመራ በስሙ ይመዝገብ።

አንዱን ምርመራ እዚህ እንጻፍ፤ ማንም ሊያየው ይገባልና። አንድ ሊትር የሚይዝ ቁጥር የተጻፈበት መስታወት ይወሰዳል። አየር ከሚነፋበት ገንዳ የተቀዳው ድብልቅ እስከ አንድ ሊትሩ መስመር ይሞላበታል። ሰዓት ይያዛል። ዝቃጩ ልል ብናኝ ከሆነ ከላይ ቀጭን የጠራ ውኃ ይታያል፤ ድንበሩ እያየኸው ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ ሠላሳ ደቂቃ ቆይቶም ገና አልረጋም። ያበጠ ከሆነ ጭራሽ ከግማሽ በላይ ቆሞ ይቀራል። እንክብል ከሆነ ግን በአምስተኛው ደቂቃ ከሥር ተቀምጧል፤ በሠላሳኛው ደቂቃ ብታነበው ቁጥሩ ያው ነው። መስታወትና ሰዓት ብቻ ነው የሚጠይቀው። ይህ ንባብ በየቀኑ በጣቢያው በር ላይ ባለ ሰሌዳ ይጻፍ፤ የሰፈሩ ሰው ይየው፤ ተማሪዎች መጥተው ይጠይቁበት። ቁጥሩ ሲያብጥ ሁላችንም እንወቅ።

ለቆዳ ፋብሪካዎችና ለሌሎች፦ መርዛችሁን በደጃችሁ ያዙ። ክሮሚየሙና ሰልፋይዱ ከከተማው ፍሳሽ ጋር ሲቀላቀል እንክብሉን ይገድላል፤ ያልገደለውም ዝቃጩ ውስጥ ስለሚከማች ዝቃጩ ለማሳ አይሆንም። አንድ ፋብሪካ በአንድ ሌሊት የለቀቀው የወራት እርባታን ያጠፋል። ሕጉ ቀድሞ አለ፤ የምንጠይቀው በሌሊት የሚለቀቀውን በሌሊት የሚያይ ተቆጣጣሪ ነው።

ለዩኒቨርሲቲዎች፦ በእንግሊዝኛ የጻፋችሁት ጥናት ኦፕሬተሩ ጋ አልደረሰም። በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሲዳምኛ፣ በትግርኛ፣ በሚሠራበት ቋንቋ ሁሉ ይጻፍ፤ ሥዕል ይኑረው፤ ጭቃ በነካ እጅ የሚገለጥ መጽሐፍ ይሁን። ማንም በዋጋ አይጠረው። በከፍታችንና በሙቀታችን እንክብል እንዴት እንደሚያድግ ከእኛ የተሻለ ሊያውቅ የሚገባው የለም፤ ይህን ዕውቀት ለናይሮቢ፣ ለአስመራ፣ ለላ ፓዝ፣ ለደጋ ከተሞች ሁሉ በነፃ የምንሰጥበት ቀን እንዲመጣ እንፈልጋለን።

ለቡና አጣቢዎች የምንለው በተለይ ነው፤ ምክንያቱም ተስፋችን ከሁሉ በላይ የሚታየው እዚያ ነው። በሲዳማ፣ በጌዴኦ፣ በጅማ አጠባው ሲጀመር ከየጣቢያው የሚወጣው ውኃ ስኳርና አሲድ የሞላው ነው፤ ወንዙን ያቦካዋል፣ ኦክስጅኑን ይጨርስበታል፣ ከታች የሚኖረው ሰው ለከብቱም የሚያጠጣው ያጣል። አጣቢዎች የሚያነሡት ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ሥራው የጥቂት ወራት ነው፣ የቀረውን ዓመት ገንዳው ምን ይበላል? መልሱ ከመነሻው ጀምሮ አለ። የሌቲንጋ የስኳር ፋብሪካም የሚሠራው በወቅት ነበር፤ ሹገር ቢቱ የሚፈጨው ከመከር እስከ ክረምታቸው ነው፤ ከዚያ ገንዳው ወራት ይራባል። እንክብሎቹ ግን አልሞቱም። ያለ ምግብ ተኝተው ቆይተው ፍሳሽ ሲመጣላቸው በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ሥራ ይመለሳሉ። ከአጠባው የሚወጣው ውኃ ኮምጣጣ ስለሆነ ኖራ ወይም አመድ እየተጨመረ አሲዱ መብረድ አለበት፤ የቡናው ልጣጭም አስቀድሞ በወንፊት መለየት አለበት። ይህ ከአንድ የአጠባ ማኅበር አቅም በላይ አይደለም። ጋዙ ለጣቢያው ማብሰያና ለመብራት ይሆናል።

የቢራ ፋብሪካ ፍሳሽ በዓለም ዙሪያ ለእንክብል እጅግ የተመቸ መኖ ሆኖ ተገኝቷል፤ ሞቃት ነው፣ ስኳር አለው፣ መርዝ የለበትም። እንዲህ ያለ አየር አልባ ገንዳ በግቢው ያለው የሀገራችን ፋብሪካ ሁሉ በየዓመቱ ትርፍ ዝቃጭ አለው። ለእነዚህ ፋብሪካዎች ባለቤቶችና ሥራ አስኪያጆች የምንለው ግልጽ ነው። ትርፋችሁን አትቅበሩት። በፍሳሻችሁ መኖ ያደገ ነው፤ ገንዳው የናንተ ቢሆንም ወንዙ የሁላችን ነው። ዝቃጩ ለመጓጓዝ አየር አይፈልግም፤ በተዘጋ ቦቴ ሳምንታት ይቆያል። ተቀባዩ ገንዳ ሲደርስ በሥሩ ይገባል፣ ለጥቂት ቀናት በቀጭን ፍሳሽ ይመገባል፣ አሲዱ በየቀኑ ይለካል፣ ከዚያ መጠኑ ደረጃ በደረጃ ይጨመራል። ከባዶ ወራት የሚወስደው በሳምንታት ያልቃል።

ለማበደር የሚያስፈልገው ንጹሕ ቦቴ፣ የናሙናው ውጤት የተጻፈበት አንድ ወረቀትና የሁለት ሥራ አስኪያጆች ፊርማ ነው። የሚቀበለውም ቃል ይገባል፤ እርሱ ሲተርፈው ለሦስተኛው ሊሰጥ፣ ዋጋ ላይጠይቅ፣ የሰጠበትን ቀንና መጠን በሁሉም ዘንድ በሚታይ መዝገብ ሊጽፍ። መዝገቡን እኛ እንከፍታለን። ማጓጓዣውን እናፈላልጋለን፤ ናሙናውን የሚያዩ ባልደረቦች በመካከላችን አሉ፤ በተቀባዩ ገንዳ ላይ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ተራ ገብተን እናድራለን። የመጀመሪያው ቦቴ ከሚቀጥለው የቡና አጠባ በፊት፣ መስከረም ሳያልቅ፣ ከአንድ ቢራ ፋብሪካ ወጥቶ ወደ አንድ አጠባ ጣቢያ እንዲደርስ እንፈልጋለን። ፈቃደኛ የሆነ ፋብሪካ ዛሬ ይንገረን።